ሰኞ ማታ በካሌዶኒያን ሮድ፦ በሽምብራ ቆሎ የተቆጠረ ግማሽ ፍጻሜ

«ግማሽ ፍጻሜ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ አብዛኞቻችሁ ኳስ ትዝ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። አይፈረድባችሁም። እኔ ግን የአርሴናል ስታዲየም በእግር ከሚደረስበት የለንደን ሰፈር ተቀምጬ፣ ኳሱን ትቼ፣ ሰኞ ሰኞ ማታ ለጥያቄና መልስ ውድድር ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም! ጎረቤት ግድግዳ የደበደበብን በዚሁ ጣጣ ነው።

የማወጋችሁ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ስለነበረች አንዲት ሰኞ ነው። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። 12ኛን ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ በዘመድ ጥረት ለንደን ከገባሁ ገና ዓመት ከመንፈቄ። እንዴት እንደገባሁ የሌላ ቀን ወሬ ይሁን። ለዛሬ ግን ተከተሉኝ፣ መንገዱን አብረን እንውጣው።

ከኪንግስ ክሮስ ወደ ላይ

ካሌዶኒያን ሮድ ከኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚወጣ ረዥም መንገድ ነው። የሰፈሩ ሰው «ካሊ» እያለ ያቆላምጠዋል። ከታች በኩል ጀልባ የሚሄድበትን ቦይ ይሻገራል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ፔንቶንቪል የሚባለው እስር ቤት በመንገዱ ዳር ተገትሯል። በዚህ መንገድ የታችኛው ጫፍ ላይ የአበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። በበሩ ስታልፉ የሽሮና የቡና ሽታ አፍንጫችሁን ይዞ ይጎትታችኋል። አገሬን የናፈቅኩ ዕለት በዚያ በኩል ማለፍ አልወድም ነበር። ለምን ብትሉኝ፣ ኪሴም ሆዴም አይችሉትም።

እኔ ያኔ ኪንግስ ክሮስ አካባቢ ባለ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሰሃን አጣቢ ነበርኩ። ከሥራ ስወጣ ዩስተን ሮድ ላይ ካለው ትልቁ የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ አልፋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው የብራና መጻሕፍታችን አብዛኞቹ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። ይህን እያወቅኩ ግን ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እግሬን አላስገባሁም። መግቢያው በገንዘብ መሰለኝ። ደግሞም «ዲግሪህን አሳይ» የሚሉኝ መሰለኝ። ጠይቄ ነበር? አልጠየቅኩም! በኋላ እንደተረዳሁት በሩ ለማንም ክፍት ነው፤ የጥንት መጻሕፍት የሚታዩበትን አዳራሽ ለመጎብኘትም አምስት ሳንቲም አይከፈልም። እኔ ግን አልጠየቅኩም፣ አልገባሁም። እንዲህ ዓይነት ልጅ ነበርኩ።

ከዚያ ካሊን ሽቅብ ይዤ፣ ዝናቡን በጃኬቴ ቆብ እየመከትኩ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ የመንግሥት አፓርታማ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ። የአጎቴ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ የዚህ ገጽ ልማድ ነው፣ እሱም አይወድም። አገር ቤት ሳለ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ ለንደን ላይ የአውቶብስ ሾፌር ነው። «ድሮ ካርታ አስተምር ነበር፣ አሁን ካርታ እነዳለሁ» ይላል ሲቀልድ። ሳይቀልድ ግን ይህን ነገር አያነሳውም።

ተማሪ የሚያርበደብደው ፕሮግራም

ውድድሩ «ዩኒቨርሲቲ ቻሌንጅ» ይባላል። «ኮሌጅ ቦውል» ከሚባል የአሜሪካኖች ፕሮግራም ተቀድቶ እ.ኤ.አ. በ1962 እንግሊዝ አገር ተጀመረ። ባምበር ጋስኮይን እስከ 1987 ጠያቂ ሆነው ሠሩ። ለጥቂት ዓመታት ተቋርጦ በ1994 ቢቢሲ ሲያስነሳው ጀረሚ ፓክስማን ተረከቡትና እስከ 2023 ድረስ፣ 29 ዓመት ሙሉ፣ ተማሪ ሲያርበደብዱ ኖሩ። ዛሬ የሚጠይቀው አሞል ራጃን ነው። በዚያች ሰኞ የነበሩት ግን ፓክስማን ናቸው። ልጆቹ ሲንሾካሾኩ ትንሽ ከቆዩ «ኑ እንጂ! ቶሎ!» ይላሉ፤ እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ እደነግጥላቸዋለሁ።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። አራት አራት ሆነው በሁለት ወገን ይቀመጣሉ። አንድ ጥያቄ ይጣላል። ቀድሞ ደወሉን የተጫነ ልጅ ጓደኛውን ሳያማክር ብቻውን ይመልሳል፤ ከመለሰ 10 ነጥብ። ለቡድኑም ሦስት የጉርሻ ጥያቄዎች ይሰጡታል፤ እነዚህን ተመካክረው በካፒቴናቸው በኩል ይመልሳሉ፣ እያንዳንዱ 5 ነጥብ ነው። መሀል ላይ የሥዕልና የሙዚቃ ጥያቄም አለ። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፦ ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ አቋርጦ የተሳሳተ 5 ነጥብ ይቀነስበታል። ጥያቄው ካለቀ በኋላ የተሳሳተ ግን ምንም አይቀነስበትም። ይቺን ሕግ ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

በመጀመሪያው ዙር 28 ቡድኖች ይገባሉ። ሩብ ፍጻሜው ደግሞ ራስ ያዞራል፤ አንድ ጊዜ ማሸነፍ አይበቃም፣ ሁለቴ ማሸነፍ ያስፈልጋል። ሁለቴ የተሸነፈ ይሰናበታል። እናም ግማሽ ፍጻሜ ላይ የሚደርሱት አራቱ በእውነት የተፈተኑ ናቸው። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ሲሆኑ ደግሞ እያንዳንዱ ኮሌጅ ለየብቻው ይገባል። ስድስት ኪሎና አምስት ኪሎ ለየራሳቸው ተመዝግበው እርስ በርስ ቢገጥሙ እንደማለት ነው። የዚያች ሰኞ ግጥሚያም እንደዚያው ነበር፤ ሁለቱም የካምብሪጅ ልጆች፣ ዎልፍሰን ኮሌጅ ከኢማኑኤል ኮሌጅ።

አንድ ነገር ሳልናዘዝ አላልፍም። በቴሌቪዥን ሲታይ አንደኛው ቡድን ከሌላው ራስ በላይ፣ ፎቅና ምድር ቤት ሆኖ የተቀመጠ ይመስላል። እኔ ወራት ሙሉ እውነት መስሎኝ «የላዮቹ ሲጨንቃቸው እግራቸውን ያወራጩ ይሆን?» እያልኩ አስብ ነበር። ለካስ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፤ ምስሉ ነው የሚደራረበው! አጎቴ ሲነግረኝ አክስቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ሦስት ክምር ሽምብራ

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። አክስቴ ሽሮ አብልታን፣ ጀበናዋን ጥዳ፣ የሽምብራ ቆሎ በሰፌድ አቀረበች። በዚያ ቤት ቆሎው ለመብላት ብቻ አይደለም፣ ነጥብ መቁጠሪያም ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሳይቀድሙን ትክክለኛ መልስ የሰጠ ሰው አንድ ሽምብራ ፊቱ ያስቀምጣል። ችግሩ፣ አክስቴ ወሬ ሲጥማት ነጥቧን ትበላዋለች።

ደጋፊነታችንም ተከፍሏል። አጎቴ የዎልፍሰን ነው፣ በካፒቴኑ በኤሪክ ሞንክማን ምክንያት። ሞንክማን ካናዳዊ ነው። ግንባሩን ቋጥሮ፣ አንገቱን ወደፊት ሰግጎ፣ መልሱን እንደ ትእዛዝ ነው የሚጮኸው። በዚያ ሰሞን እንግሊዝ አገር ያላወራለት አልነበረም፤ «ሞንክማኒያ» የሚባል ቃል እስከመውጣት ደረሰ። አጎቴ «ይሄ ልጅ አንድ አብሮኝ ያስተማረ የሒሳብ መምህር ቁርጥ!» ይላል። አክስቴ ግን የኢማኑኤሉን ካፒቴን ቦቢ ሲገልን መረጠች። «ፈገግታው! እናቱን ያሳደረበት ያስታውቃል» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ እስከዛሬ አልገባኝም። እኔ የማንም አልነበርኩም።

ተጀመረ። አንዴ የኖቤል ተሸላሚ፣ አንዴ የኬሚስትሪ፣ አንዴ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው የአውሮፓ ንጉሥ። ግማሹ ጥያቄ ምን እንደተጠየቀ ሳይገባኝ ነው መልሱ የሚመጣው። ሞንክማን ይጮሃል፣ አጎቴ አብሮት ይጮሃል። ሲገል ፈገግ ይላል፣ አክስቴ «ጎሽ!» ትላለች። ሁለቱ ቡድኖች ተያይዘው ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ራቅ ሲል ሌላው ይደርስበታል። በአጎቴ ፊት ስድስት ሽምብራ፣ በአክስቴ ፊት ሁለት (ምናልባትም ሦስት፣ አንዱን በልታለች)፣ በእኔ ፊት ባዶ ጠረጴዛ።

ወደ መጨረሻው ገደማ አንድ ጥያቄ መጣ። ቃል በቃል አላስታውሰውም፣ ባስታውሰውም እዚህ ማስፈሩ ምን ይጠቅማል? የሳይንስ ነበር። አስረኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ያየሁት፣ ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩበት ነገር። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ልቤ መምታት ጀመረ፣ አፌ ተከፈተ… መልሼ ዘጋሁት። «ብሳሳትስ? እንግሊዝኛውን ባበላሸውስ?» ከእነ ማን ፊት? ከአጎቴና ከአክስቴ ፊት! ከሰከንዶች በኋላ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ልጅ በሆዴ የያዝኩትን መልስ ተናገረና 10 ነጥብ ወሰደ።

መዝጊያው ጎንግ ተደወለ። ዎልፍሰን አሸነፈ። ልዩነቱ ሁለት ሦስት ጥያቄ የሚገለብጠው ነበር። አክስቴ «አይ የኔ ልጅ!» ብላ ለሲገል አዘነች። አጎቴ ግን ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ።

«አውቀኸው ነበር አይደል?»

«የቱን ጋሼ?»

«አትቀልድብኝ። አስራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ መልሱን አውቆ ዝም ያለ ተማሪና ሳያውቅ ዝም ያለ ተማሪ ፊታቸው አንድ አይደለም።»

ዝም አልኩ። ምን ልበል?

«ጥያቄው ተነቦ አልቆ ነበር። አልቆ! ብትሳሳት ስንት ይቀነስብህ ነበር?»

«ምንም።»

«ታዲያ?» አለ። ከዚያ ያቺን የታወቀች ተረት አመጣት፤ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል!»

ጃኬቴ ውስጥ ያለውን አወጣሁት። ከሦስት ሳምንት በፊት ከአንድ ኮሌጅ ያመጣሁት የማታ ትምህርት ፎርም ነው። ሥራ ላይ ይዤው ስውል ጠርዙ በሳሙና ውሃ ርሶ ተጨማዷል። መመለሻው ቀን ዓርብ ነበር። ስሜንና የልደት ቀኔን ሞልቼ፣ «ያጠናቀቁት የትምህርት ደረጃ» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ቆሜያለሁ። የሚያሳፍር መስሎኝ! አጎቴ ፎርሙን አገላብጦ አየው። አልተቆጣኝም። ከራሱ ክምር አንድ ሽምብራ አንስቶ ፊቴ አስቀመጠና «ይሄ ፎርም ስንት ይቀንስብሃል?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አክስቴ በበኩሏ ጠጋ ብላ በጆሮዬ «አጎትህም የትምህርት ማስረጃውን ይዞ እንደ አንተ ስድስት ዓመት ሳጥን ውስጥ አስቀምጧል። ይመዝኑልኝ ብሎ ሳይጠይቅ ጊዜው አለፈ» አለችኝ። ያን ጊዜ የተናደደው በእኔ ብቻ እንዳልነበር ገባኝ።

ሮዟን መስመር ይዞ ኢስት ሃም

ዓርብ ዕለት ፎርሙን አስገባሁ። ቅዳሜ ደግሞ ሥራ አልነበረኝም። ተሸናፊው ሲገል የምሥራቅ ለንደን ልጅ መሆኑን፣ አባቱ እሱንና ወንድሞቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ኢስት ሃም ቤተ መጻሕፍት እየወሰዱ ሲያስነብቡ እንዳሳደጓቸው ጋዜጣ ላይ አይቼ ነበር። ወላጆቹ ከህንድ፣ ከኬረላ የመጡ ናቸው። «እስቲ ሰፈሩን ልየው» አልኩ።

ከኪንግስ ክሮስ ካርታው ላይ በሮዝ የተሳለችውን የምድር ባቡር መስመር ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ ብትሄዱ፣ ባቡር ሳትቀይሩ ኢስት ሃም ያደርሳችኋል። ግማሽ መንገድ ላይ ባቡሩ ከመሬት በታች ወጥቶ ብርሃን ያያል፤ የሰው ቤት ጓሮ፣ የተሰጣ ልብስ፣ የልጆች ብስክሌት ታያላችሁ። ስትወርዱ ሌላ አገር ነው። የሳሪ ጨርቅ የሰቀሉ ሱቆች፣ የወርቅ ቤቶች፣ ማንጎ በካርቶን፣ የቅመም ሽታ። ለደቂቃ መርካቶ ጭድ ተራ አካባቢ የጠፋሁ መሰለኝ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፤ ሁሉም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

መንገዱን ወደ ታች ስትከተሉ ባለሰዓት ማማ ያለው፣ ቀይ ጡብ የለበሰ የድሮ ማዘጋጃ ቤት አለ። ቤተ መጻሕፍቱ ከጎኑ ነው። አሁን ያለው አዲስ ሕንጻ ነው፤ ሲገል በልጅነቱ የተቀመጠበት የቀድሞው ነበር። ገባሁ። ማንም «የት ነህ?» አላለኝም። አንድ ጺማቸው የነጣ ሰው ጋዜጣ ያነባሉ፣ አንዲት እናት ሕፃን በጋሪ እየገፋች መጽሐፍ ትመርጣለች፣ ሁለት ልጆች የቤት ሥራ ይሠራሉ። ወደ መቀመጫ ሄድኩና ከመደርደሪያ አንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ አወጣሁ። ያችን ያልመለስኳትን መልስ ፈለግኳት። አገኘኋት፤ ትክክል ነበርኩ። ከዚህ በላይ ያበሸቀኝ ነገር የለም!

ከዚያስ ምን ሆነ?

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ «ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተመረቅኩ» እንድላችሁ እየጠበቃችሁ ከሆነ አዝናለሁ። ኮሌጁ መግቢያ ፈተና ፈተነኝ፤ እንግሊዝኛውን አለፍኩ፣ ሒሳቡን ወደቅኩ። በመስከረም ተመልሰህ ተፈተን ተባልኩ። መስከረም ሲመጣ የሥራ ፈረቃዬ ተቀየረ፣ የቤት ኪራይ መጣ፣ ቀረሁ። ዛሬም ማዕረጌ 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ ነው። አሁን ግን በዚያ መስመር ላይ ስጽፈው እጄ አይንቀጠቀጥም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት መሄዱን አልተውኩም። ለጋዜጣ የላክሁትን የመጀመሪያ ጽሑፍ የጻፍኩት እዚያ ተቀምጬ ነው። አልወጣም። ሁለተኛው ወጣ። የመጀመሪያው ስንት ቀነሰብኝ? ምንም!

የውድድሩን ፍጻሜ ግን ሳናየው ቀረን። ፍጻሜው የተላለፈው ሚያዝያ 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር፤ የሰሙነ ሕማማት ሰኞ። አክስቴ «በሕማማት ቤቴ ውስጥ ጭብጨባና ጩኸት? አይሞከርም!» ብላ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው። በማግስቱ አጎቴ አውቶብሱ ውስጥ ከተጣለ ጋዜጣ ላይ ውጤቱን አነበበልን፤ የኦክስፎርዱ ቤሊየል ዎልፍሰንን 190 ለ140 አሸንፏል። «የኔም ልጅ ወደቀ» አለ አጎቴ። ስለዚህ ለእኛ ቤት ያ ግማሽ ፍጻሜ ፍጻሜም ነበር።

ሁለቱ ተሸናፊዎችስ? ሞንክማንና ሲገል ወዳጆች ሆነው በዚያው ዓመት አብረው የጥያቄና መልስ መጽሐፍ አወጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በቢቢሲ አብረው ፕሮግራም አቀረቡ። ሲገል የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በየመድረኩ ይሟገታል። ከሁለቱ አንዱም ዋንጫውን አልነካም። የዚያን ዓመት ውድድር የሚያነሳ ሰው ግን ቀድሞ የሚጠራው የእነሱን ስም ነው።

ለእናንተ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ላላችሁ ልጆች፣ ምክሬ አጭር ናት። ነጥብ ያልመጣላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም አንዱ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። ወመዘክርም እዚያው ከተማችሁ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ቆማችሁ «ይከለክሉኝ ይሆን?» እያላችሁ እንደ እኔ ዓመት አትጨርሱ። ግቡና ጠይቁ። በክፍልም፣ በሥራ ቅጥርም፣ በፍቅርም ቢሆን (ይሄ ገጽ ስለ ፍቅር ሳያነሳ አያልፍም!) ሰው ጥያቄውን ሲጨርስ አፋችሁን ክፈቱ። አቋርጦ መግባት ያስቀጣ ይሆናል፤ ተጠይቆ መሳሳት ግን አይቀነስበትም።

ባለፈው ሰኞም አጎቴ ቤት ነበርኩ። አጎቴ ጡረታ ሊወጣ ነው፣ ዓይኑም ደክሟል፣ ውጤቱን የማነብለት እኔ ነኝ። ሽምብራው በሰፌድ ቀረበ። አራት ጊዜ ጮህኩ፤ ሦስቱን ተሳሳትኩ፣ አንዱን አገኘሁ። አንዷን ሽምብራዬን ፊቴ አስቀምጬ ቡና ለመቅዳት ብነሳ፣ ስመለስ የለችም።

አክስቴ እያኘከች ነበር።